የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከፍጥነት ጋር አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ

ጥያቄ፦ መኪናዬ ፍጥነቷ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከበታች በኩል የንብ መንጋ የሚመስል ጉምጉምታ ታሰማለች፤ ፍጥነት ስጨምርም ድምፁ ይጨምራል። አንድ ጋራዥ «የጎማ ነው» ስላለኝ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ቀየርኩ፤ ለውጥ ግን የለም። አሁን ደግሞ ካምቢዮው መፈታት አለበት ተብያለሁ። ላስፈታው?

መልስ፦ ለጊዜው አያስፈቱት። ድምፁ ከምን ጋር አብሮ እንደሚለዋወጥ ሳይለይ ዕቃ መቀየር የባለመኪናውን ገንዘብ ያለአግባብ ማባከን ነው፤ ይህንን መለየት ደግሞ ከሞላ ጎደል በእርስዎ እጅ ያለ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩንና መንኮራኩሮቹን ይለዩ። ተሽከርካሪ በማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጉምጉምታው በሚሰማበት ፍጥነት እየሄዱ ማርሹን ለጥቂት ሰከንድ ዜሮ ላይ ያድርጉት፤ ሞተሩን ግን በፍጹም አያጥፉ፤ ሲጠፋ የመሪውና የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ይጎድላልና። የሞተሩ ዙር ወርዶ ድምፁ እንዳለ ከቀጠለ፣ ምንጩ ከመንኮራኩሮቹ ጋር የሚዞር ነገር ነው ማለት ነው፤ ይኸውም ጎማ፣ የጎማ ኩሽኔታ (መንኮራኩሩ ያለችግር እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል) ወይም ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ መንኮራኩር የሚያከፋፍለው ክፍል) ሊሆን ይችላል። የዲፈረንሻል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ሲረግጡና ሲለቁ ይለዋወጣል።

ቀጥሎ የመንገዱን ወለል ልብ ይበሉ። ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ ሲገቡ ጉምጉምታው ጉልህ ለውጥ ካሳየ፣ ጎማን መጠርጠር ተገቢ ነው። የቀየሩት የፊቶቹን ብቻ በመሆኑ ጥርሳቸው ተዛብቶ ያለቀ የኋላ ጎማዎች አሁንም ሊያስጮሁ ይችላሉ፤ ስለዚህ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት የፊቱንና የኋላውን አቀያይረው ድምፁ ቦታ መለወጡን ያዳምጡ።

ወለሉ ለውጥ ካላመጣ ግን የእኔ ጥርጣሬ ወደ ኩሽኔታው ያደላል። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ በቀኝ በኩል ባሉት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ በረጅም የግራ ኩርባ ላይ ጉምጉምታው ከበረታ የቀኙ፣ በቀኝ ኩርባ ላይ ከበረታ ደግሞ የግራው ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ይህ ጠቋሚ እንጂ ማረጋገጫ አይደለምና መካኒኩ መኪናውን አንሥቶ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ካሳረፈ በኋላ ጎማውን በእጁ እያዞረ፣ በሌላው እጁ ሞላውን በመንካት የመንቀጥቀጥ ስሜት መኖሩን ይፈትሽ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅም ይጠቅማል፤ ሆኖም ምንም ሳይነቃነቅ የሚጮህ ኩሽኔታ ስላለ «አይነቃነቅም፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚል መልስ ሊያሳምንዎ አይገባም። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ጥገናውን አያዘግዩት፤ የተበላሸ ኩሽኔታ እየጋለ ሄዶ መንኮራኩሩን እስከማላቀቅ ሊደርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ሞተር ሳስነሣ «ተክ ተክ» የሚል ድምፅ ለጥቂት ሰከንዶች ይሰማና ይጠፋል። ያሳስባል?

መልስ፦ ሌሊቱን ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ የቫልቭ ክፍሎች እስኪቀቡ ድረስ እንዲህ ያለ ድምፅ መሰማቱ የተለመደ ነው። የዘይቱን መጠን መለኪያው ላይ አይተው፣ የሚቀየርበት ጊዜ አልፎ እንደሆነ ይቀይሩት። ነገር ግን ድምፁ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ መካኒክ ያሳዩ፤ የዘይት መብራት አብሮ ከበራ ደግሞ ጋራዥ እስኪደርሱ እንኳ ሳይነዱ ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ።