የደረቀ ፍራፍሬ ለምትገዙና ለምታደርቁ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ለሰው አገር ኑሮ አዲስ የሆኑ ሰዎች ቤት በገባሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። አንድ ትልቅ ከረጢት ዘቢብ አፉ እንደተከፈተ ምድጃ ሥር ተቀምጧል። ስጠይቅ «ደርቋል፤ ምን ይሆናል?» ይሉኛል። ይሆናል እንጂ!

1. የጉምሩኩን ጉዳይ በአጭሩ፦ የደረቀ ፍራፍሬ ይዛችሁ ድንበር ስታቋርጡ የያዛችሁትን ምግብ አስመዝግቡ።

2. ጠላቶቹ ሙቀት፣ ብርሃን፣ አየርና እርጥበት ናቸው። ክዳኑ ግጥም በሚል ደረቅ የብርጭቆ ዕቃ አድርጋችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ቤት ውስጥ የደረቀ ፍራፍሬ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አንድ ዓመት ይቆያል፤ በ27 ዲግሪ ግን ስድስት ወር ብቻ። በየትናንሽ ዕቃው ከፋፍሉት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

3. ራሳችሁ የምታደርቁ ከሆነ አትቸኩሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ ዕቃውን እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሙሉት፤ ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ነቅንቁት። በዚህ ጊዜ የእርጥቡ ቁራጭ ውኃ ወደ ደረቁ ያልፍና እኩል ይሆናል። ክዳኑ ከውስጥ ላብ ካወጣ ወደ ማድረቂያው መልሱት። ደጅ ፀሐይ ላይ የደረቀውን ደግሞ የነፍሳት እንቁላል አያጣውምና ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ለ48 ሰዓት አቀዝቅዙት። ስታወጡት የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ አትክፈቱት፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

4. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሻጋታ የያዘውን ቴምር በቢላ ፍቆ፣ አጥቦ ለልጅ መስጠት ምን ዓይነት ቁጠባ ነው? በላባችሁ የገዛችሁት ነገር ሲጣል እንደሚያም አውቃለሁ፤ እኔንም ያመኛል። ነገር ግን በዓይን የምታዩት ከላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ሥሩ ወደ ውስጥ ዘልቋል። በለስ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ጉበትን የሚጎዳውን አፍላቶክሲን፣ ዘቢብ ላይ የሚበቅለው ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳውን ኦክራቶክሲን ሊያመነጭ ይችላል። እነዚህ መርዞች ታጥበው አይለቁም፤ ተቀቅለውም አይጠፉም። እናት ይህን ሳታውቅ ገንፎ ላይ ስትጨምረው እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ?

በለስና ቴምር ላይ የሚወጣው ነጭ ብናኝ ብዙ ጊዜ ስኳር ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ይሟሟል። ጥጥ የመሰለ ፀጉር፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ግን አትቅመሱት፤ አፍንጫችሁንም አታስጠጉ። በከረጢት አስራችሁ ጣሉት፤ ዕቃውን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ በደንብ እስኪደርቅ አዲስ ፍሬ አትጨምሩበት።