ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የምትመጣ አለቃ

ይህን የምጽፈው ሥራ ከጀመራችሁ ገና ጥቂት ጊዜ ለሆናችሁ ነርሶች ነው። በተለይ ከአዲስ አበባ ዳር ላላችሁት። ቃሊቲን አልፎ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፣ በዚያኛው በኩል ካራ፣ በሌላው አስኮ። መሃል ከተማ የምትሠራው ጓደኛችሁ ቢያንስ ታክሲ አታጣም። እናንተ ግን ለማታ ዱቲ ገና በጊዜ ሰልፍ ላይ ናችሁ። ከዋናው መንገድ ወርዳችሁ ደግሞ ባጃጅ ትጠብቃላችሁ። የክረምቱን ጭቃ አልነግራችሁም።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው በዋርድ፣ ከዚያም በሜትሮንነት፣ ማለትም በነርሶች ኃላፊነት ነው። ወጣት ነርሶች ቤቴ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ወሬው አቦሉ ላይ ደመወዝ ነው፣ የደረጃ እድገት ነው፣ የውጭ ሀገር ፈተና ነው። ቶናው ላይ ስንደርስ ግን ሌላው ይወጣል። «ሲስተር፣ እኔን ያማረረኝ ሥራው አይደለም። ብሠራም ባልሠራም ያው መሆኑ ነው።» ይህቺን ከስንቱ አፍ እንደሰማኋት።

አንዲት እኔ ጋ ሠርታ ያለፈች አዋላጅ ነርስ ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። ከከተማ ወጣ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ሌሊት ተረኞቹ እሷና አንዲት ወጣት ነርስ ናቸው። አንዲት እናት እኩለ ሌሊት ላይ በሰላም ወለደች። ልጁም አለቀሰ፣ እትብቱም ታሰረ፣ ሁሉም ደህና። ስምንት ሰዓት ገደማ ነርሷ ዙር ወጣች። እናትየዋ ዝም ብላለች። አስታማሚዋ አክስት «ደክሟት ነው፣ ተኝታ ነው» አሏት። ነርሷ ግን ከንፈሯ መገርጣቱ አላማራትም። ብርድ ልብሱን ገለጠች። ከሥር የተነጠፈው ጨርቅ በደም ርሷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ማህፀኑ እስኪጠነክር ሆዷን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ደም ሥር ፈልጎ ፈሳሽ መክፈት፣ ጥበቃውን ሮጦ የአምቡላንስ ሹፌሩን እንዲቀሰቅስ መላክ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ግማሽ ሊትር ካለፈ አደጋ ነው። እናቶችን ከሚገድሉት ሁሉ ዋነኛው እሱ ነው፣ ጊዜም አይሰጥም። ያቺ እናት ሆስፒታል ደረሰች። ተረፈች።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ርክክብ ሆነ። ኃላፊው ወረቀት ይዞ ገባ። «ትናንት ማታ አንድ ካርቶን ጓንት አልቋል። ማን ፈቀደ?»

ነርሷ መልስ አልሰጠችም። መዝገቡ ላይ ፈርማ ወጣች። አዋላጇ ቀጥላ ያለችኝ ነው እስከ ዛሬ የማይረሳኝ። «ሥራዋን አላቆመችም። ሰዓት አታረፍድም። ዙርም ትዞራለች። ብርድ ልብስ መግለጥ ግን ተወች።» ብዙም ሳትቆይ ለቃ አንድ የግል ክሊኒክ ገባች።

የሠራተኛ ሞራል ወደቀ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ጭቅጭቅና መቅረት ነው። ነርስ ጋ እንደዚያ አይደለም። የነርስ ሞራል ሲወድቅ የሚቀረው ማንም ያላዘዛት ነገር ነው። የታዘዘው መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣል፣ ቻርቱም ይሞላል። «እስቲ ልየው» የምትለዋ ነገር ናት የምትጠፋው። እሷ ደግሞ በሪፖርት አትወጣም።

ያንን ኃላፊ ክፉ ሰው ነው አልልም። ክፍለ ከተማ ሲጠራ የሚጠየቀው ስለ ጓንት ነው። ያልሞተች እናት የምትጻፍበት ሰንጠረዥ የለም። አልጋ ላይ የከረመ ሽማግሌ ጀርባው ሳይቆስል ቢወጣ፣ ራሱን የማያውቅ ታካሚ ሳይወድቅ ቢያድር፣ የተሳሳተ መድኃኒት ሳይሰጥ ቢመለስ፣ በወረቀት ላይ ምንም አልተፈጠረም። የእኛ ሥራ ጎበዝ ሲሠራው የማይታይ ሥራ ነው። የጎደለው ግን ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ወረቀት የሚያይ አለቃ ተቆጪ ቢሆን አይገርመኝም። የሚያመሰግንበትን ነገር ከየት ያምጣው?

ይህ የእኛ ሀገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የነርስ እጥረት በጠናበት ጊዜ የነርሲንግ አካዳሚያቸው አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ሌሎቹ ሆስፒታሎች ነርስ ሲያጡ፣ አንዳንዶቹን ነርሶቻቸው የማይለቁት ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጡት ጥናት እንዲህ ያሉ 41 ሆስፒታሎችን ለዩ። እዚያ ከተገኙት ነገሮች አንዱ የነርሶቹ አለቆች ዋርድ ውስጥ የሚታዩ፣ ሊያናግሯቸው ሲፈልጉ የሚገኙ መሆናቸው ነው። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለው የሥነ ልቦና ሰውም ከዚያ ቀደም ብሎ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ባለሙያዎችን «ሥራችሁን የወደዳችሁበት ጊዜ መቼ ነበር?» እያለ ጠይቋል። ሰዎቹ ደጋግመው ያነሱት አንድ ነገር ሠርተው የጨረሱበትንና ሥራቸው የታወቀበትን ጊዜ ነው። ደመወዝ ይበልጥ የሚነሳው ሲያማርሩ ነበር።

ይህቺን የደመወዝ ነገር አለቆች እንዳይሰሟት እፈራለሁ። ስለሚወዷት። «ገንዘብ ዋና አይደለም፣ እናመስግናቸው» ብለው ይነሳሉ። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፣ እውነት ነው። ግን ፍትፍቱም መኖር አለበት እኮ። የወራት የዱቲ ክፍያ ሳይከፈል ግንቦት 4 ቀን የነርሶች ቀን ነው ተብሎ ኬክ ሲቆረጥ በዓይናችሁ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ቲሸርቱም አለ፣ ባነሩም አለ፣ ንግግሩም አለ። ያን ኬክ የሚበላ ሰው በልቡ የሚያስበውን ታውቃላችሁ። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያው የደመወዝ ጥያቄ እንዴት እንደገነፈለም አይታችኋል። ምስጋና የቤት ኪራይ አይከፍልም። በክፍያ ፈንታ ከቀረበ ደግሞ ስድብ ይሆናል።

ጀግና መባልም ብዙ አያሞቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2020ን የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ የሰየመው ኮሮና ከመምጣቱ በፊት ነበር። እኛ ሀገር የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ተነገረ፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልም የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆነ። ያን ሰሞን በየቴሌቪዥኑ ጀግና ተባልን። ደስ አይልም አልልም። ግን በአንዴ ለሁሉም የተባለ ነገር ለማንም አልተባለም። ያን ጊዜ የማውቃቸው ነርሶች የሚያነሱት ጭብጨባውን አይደለም። ማስክ ሊያልቅ ሲል ሳይጠየቅ ይዞ የመጣውን አስተባባሪ ነው።

እኔን ያሳደገችኝ ሜትሮን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ትመጣ ነበር። በጋዋኗ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ትንሽ ባትሪ ይዛ። ማንንም አትቀሰቅስም። የታካሚ እግር ትነካለች፣ የግሉኮሱን ጠብታ ታያለች፣ ትሄዳለች። ጠዋት ርክክብ ላይ ሁሉም ባለበት እንዲህ ትላለች፦ «አልጋ ስድስት ያሉትን አባት በየሁለት ሰዓቱ ስታገላብጫቸው አድረሻል። ጀርባቸውን አይቼዋለሁ፣ ንጹህ ነው።» አለቀ። ፈገግታም የላት። ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። እኔ ግን ያን ቀን ከዱቲ ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ዋለ።

ተቆጪም ነበረች፣ አልደብቅም። ግን አይታ ስለምትቆጣ ቁጣዋ አይጎመዝዝም። ካላየ ሰው የሚመጣ ተግሣጽ ነው የሚቆጠቁጠው። ምስጋናውም ያው ነው። «በርቱ፣ ጥሩ እየሠራችሁ ነው» የሚል አለቃ ምን እንደሠራችሁ ቢጠየቅ አያውቅም። እናንተም እንደማያውቅ ታውቃላችሁ።

እኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላም ችግር አለ። አለቃ አንዷን ነጥሎ ካመሰገነ ወሬው ወዲያው ይነሳል። «የእሱ ጆሮ ናት» ትባላለች። ሻይ ክበብ ስትገባ ወሬ ይቀዘቅዛል። በዚህ የተነሳ ስንቷ ጎበዝ ነርስ «እባክዎ ስሜን አያንሱብኝ» ብላ ለምናለች። አንዳንዱ አለቃ ይህን ፈርቶ ኮከብ ሠራተኛን በዙር ማድረግ ጀመረ። በዚህ ወር የእርስዎ ተራ፣ በሚቀጥለው የእሷ። ሰርተፊኬቱን ለማግኘት ተራ መጠበቅ ብቻ ከሆነ ሰነፉም ጎበዙም እኩል ይስቃል። የሜትሮኔ ዘዴ ይህን ያለፈው ምክንያቱን ስለምትናገር ነው። የሽማግሌው ጀርባ እዚያው አለ። ያላመነ ሄዶ ማየት ይችላል። ምክንያቱ ሲታወቅ ወሬኛውም አፉን ይይዛል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከከተማ ዳር ባሉ ጤና ጣቢያዎች ሰው ቶሎ ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ሳታስቡት አስተባባሪ ትሆናላችሁ። «አለቃ እኮ አይደለሁም» የምትሉበት ጊዜ አጭር ነው። ያ ቀን ሲመጣ ከቢሮው ቁልፍ በፊት የሌሊቱን ዙር ያዙ። በየቀኑ አልልም፣ ቤተሰብ አላችሁ። ግን የማታ ተረኞች መቼ እንደምትመጡ ሳያውቁ እንደምትመጡ ብቻ ይወቁ። እንደ ፖሊስ ከሆነ የምትመጡት ይቅርባችሁ። ጓንት ያቀብሏችሁና እጃችሁን አስገቡ።

ያያችሁትን በዚያው ቀን ተናገሩ። ለወር መጨረሻ ስብሰባ አታቆዩት። በወሩ መጨረሻ የሚነገር ነገር የማን ሥራ እንደነበር ሁሉም ረስቶታል። ከዚያ ደግሞ ጻፉት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሰው ሀብት ፋይል ውስጥ በፍጥነት ይገባል፣ የምስጋናው ግን አፍ ላይ ይቀራል። አንድ ገጽ ይበቃል። ቀን፣ ምን እንዳደረገች፣ ታካሚው ምን እንደሆነ። ስሟን አጣርታችሁ ጻፉ፣ እባካችሁ። ስሟ የተሳሳተበት ሰርተፊኬት የተሰጣት ልጅ አውቃለሁ፣ ቤቷ እንኳ አልወሰደችውም።

ስለ ጽዳት ሠራተኞቹም እዚህ ላይ ልጨምር። ደም የነካውን ወለል የምታጥበውን እህት ረስቶ ነርስ ብቻ የሚያመሰግን አስተባባሪ ዓይኑ ግማሽ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቃል አያስፈልግም። አንድ የማውቀው ኃላፊ ከሩቅ የሚመጡትን ሠራተኞች ሰፈራቸውን ጠየቀ። ከዚያ የማታ ፕሮግራም ሲያወጣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን አንድ ላይ አደረጋቸው፣ በጨለማ ብቻቸውን ባጃጅ እንዳይጠብቁ። ምንም ንግግር አላደረገም። ፋሲካ ሲደርስ ግን የበዓሉን ዱቲ ማን ይግባ ሲባል እጅ የሚያወጣ አላጣም።

ገና አለቃ ያልሆናችሁትስ? የአለቃን አፍ ስትጠብቁ አትኑሩ። ርክክብ ላይ የጓደኛችሁን ሥራ በስሟ ተናገሩ። «አልጋ ሦስት ትኩሳታቸው የወረደው እሷ ሌሊቱን ስትከታተል አድራ ነው» ማለት ምንም አያስወጣም። ደግሞ የራሳችሁንም ጻፉ። እኛ ስንማር ያልተጻፈ አልተሠራም ይሉን ነበር፣ ለታካሚው ደህንነት ብለው። ለእናንተም ይሠራል። ያደጋችሁት ራስን ማውራት ነውር ነው ተብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ቻርት ላይ ግን ትሕትና የለም። «ታካሚዋ ታየች» ብላችሁ አትለፉት። በስንት ሰዓት፣ ምን አይታችሁ፣ ምን አደረጋችሁ፣ ማንን ጠራችሁ።

በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲመጣም እንዲሁ። ነጥቡን ብቻ አይታችሁ፣ አጉረምርማችሁ አትፈርሙ። ቅጹ ላይ የተመዛኙ አስተያየት የሚል ቦታ አለ። ብዙዎቻችሁ «ተስማምቻለሁ» ብላችሁ ታልፉታላችሁ፣ ወይም ባዶ ትተዉታላችሁ። ከምዘናው በፊት ባለው ሳምንት መዝገቡን ገልጣችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ምረጡ። እነዚያን ከነቀናቸው እዚያ ቦታ ላይ ጻፉና ኮፒውን ቤት ውሰዱ። ኃላፊያችሁ ያላየውን ቢያንስ ሲፈርም ያነበዋል።