ሶፍትዌር ሲጫን «አክሰስ ዲናይድ» ለሚላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራም ስትጭኑ «አክሰስ ዲናይድ» (ተከልክሏል) እያለ ያስቸገራችሁ ጠይቁ፤ በቻልኩት መጠን እመልሳለሁ። አንድ አደራ አለኝ። የመጣውን መልእክት ሙሉውን ጻፉልኝ፤ ቁጥሩንም፣ የፋይሉን አድራሻም። ሁለተኛው አደራ ደግሞ ይኸው፦ «ኤቭሪዋን» (ማንኛውም ሰው) ለሚለው ስም «ፉል ኮንትሮል» (ሙሉ ሥልጣን) አትስጡ። እባካችሁ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ አካውንቴ ላይ «አድሚኒስትሬተር» ይላል። ኮምፒውተሩም የራሴ ነው። ታዲያ ለምን ይከለክለኛል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የብዙ ሰው ችግር እዚህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ አድሚን ሆነህ ስትገባ ዊንዶውስ ሁለት መታወቂያ ያዘጋጅልሃል። አንዱ የተራ ተጠቃሚ ነው፣ ሌላው ሙሉ ሥልጣን ያለው። አንድን ፕሮግራም ደብል ክሊክ ስታደርገው ይዞ የሚነሳው የተራውን ነው። ሙሉውን የሚያገኘው ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅህና «የስ» ስትለው ብቻ ነው። ዩኤሲ የሚባለው ይኼ ነው።

አብዛኛው ሴትአፕ (የመጫኛ ፋይል) ራሱ ይጠይቅሃል። ካልጠየቀህ ራይት ክሊክ አድርገህ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በለው። ፋይሉ ኤምኤስአይ (ስሙ በ.msi የሚያልቅ) ከሆነ ግን ያ ምርጫ አይመጣልህም። ስታርት ላይ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ብለህ ፈልግና እሱን በአድሚን ክፈተው። ከዚያ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ በጥቅስ ውስጥ ጻፍና ኢንተር በል።

ኪቦርድ፦ አልጫን አለኝ፣ እርዱኝ።

መልስ፦ ምኑ? ምን ብሎ? መልእክቱን ጻፍልኝ።

ሰማያዊ ስክሪን፦ «ኤረር 5፣ አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ይላል። ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ማስነሳት አልቻልኩም የሚል ነገርም አለው። በአድሚን ከፈትኩት፣ ያው ነው።

መልስ፦ መልእክት እንዲህ ሲጻፍ ደስ ይላል። 5 ቁጥር የዊንዶውስ የራሱ ኮድ ነው፣ ትርጉሙም «ተከልክሏል» ነው። መጨረሻው 80070005 የሆነውን ረጅም ቁጥር ያያችሁም ካላችሁ፣ እሱም ይኸው 5 ነው።

ሴትአፕ ሲነሳ መጀመሪያ ራሱን ቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር) ውስጥ ይዘረግፋል፤ ቀጥሎ የዘረገፈውን ያስነሳል። ያንተ እዚያ ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። የመጀመሪያው አንቲቫይረስ ነው። አታጥፋው! ታሪኩን ክፈትና በዚያች ደቂቃ ያገደው ነገር እንዳለ እይ። ሁለተኛው የቴምፕ ፐርሚሽን (ለማን ምን እንደተፈቀደ የሚለው ዝርዝር) መበላሸት ነው። ቴምፕን ክፈትና እዚያው ባዶ የጽሑፍ ፋይል በእጅህ ለመፍጠር ሞክር። እምቢ ካለህ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተህ ሴኩሪቲን ተመልከት። የአንተ ስም፣ አድሚኒስትሬተርስ እና ሲስተም (ዊንዶውስ ራሱ የሚሠራበት ስም)፣ ሦስቱም መኖር አለባቸው። የጎደለውን ብቻ መልስ። ኤቭሪዋንን አትጨምር።

ጽጌ፦ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ነው። የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቀኛል።

መልስ፦ አይቲ ክፍሉን ጠይቂ። ከዚህ ሌላ የምሰጥሽ መልስ የለኝም።

ፈጣኑ፦ ምን ያደክማችኋል? እኔ ዩኤሲን አጥፍቼ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተቸገርኩም።

ንቁ፦ አንተን የማይጠይቅ ማሽን ቫይረሱንም አይጠይቀውም እኮ። በሩን ነቅለህ ጣልክ ማለት ነው።

ፈጣኑ፦ አንቲቫይረስ አለኝ።

ንቁ፦ አድሚን ሆኖ የገባ ቫይረስ አንቲቫይረስህን ራሱን ነው መጀመሪያ የሚያጠፋው።

ፔንግዊን፦ ሊነክስ ብትጠቀሙ ይኼ ሁሉ ጣጣ ባልነበረ።

ፈጣኑ፦ ሊነክስም «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል፣ አንተም ሥልጣን ለመጠየቅ ቀኑን ሙሉ ሱዶ ስትጽፍ ነው የምትውለው።

ፔንግዊን፦ እሱ ግን ምክንያቱን ይነግርሃል።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ ሊነክስን ለሌላ ቀን አቆዩት። ዩኤሲን አታጥፉ። ንቁ ያለው ትክክል ነው። ፈጣኑ፣ አንተም መልሰህ ብታበራው ደስ ይለኛል።

ቆንጂት፦ የኔ ሴትአፕ 90 ፐርሰንት ይደርስና ወደ ኋላ ይመለሳል። «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ብቻ ነው የሚለው፣ የፋይል አድራሻ አልጻፈም። በአድሚንም ሞከርኩት።

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ይኼን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። «አክሰስ ዲናይድ» በራሱ በሽታ አይደለም። ለጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር መታወቅ አለበት። ማን ነው የጠየቀው? ምን ላይ? ምን ሊያደርግ? መልእክቱ ካልነገረሽ ፕሮሰስ ሞኒተር ይነግርሻል። ከማይክሮሶፍት በነፃ የሚወርድ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ሲስኢንተርናልስ ከሚባለው ስብስብ።

በአድሚን ክፈቺው። ፊልተር ውስጥ ገብተሽ «ሪዘልት» የሚለውን «አክሰስ ዲናይድ» ብቻ አድርጊው። ካላጣራሽው መስመሩ በመቶ ሺህ ይቆጠራል። ከዚያ ሴትአፑን አስነሺ። ኤረሩ ብቅ ሲል እሺ ሳትዪ ቀረጻውን አቁሚ።

አንድ ጊዜ የሂሳብ ሶፍትዌር አልጫን ያለ ኮምፒውተር አጋጠመኝ። ከእኔ በፊት የሞከሩት ሰዎች ፕሮግራም ፋይልስን ለኤቭሪዋን ከፍተውት ነበር። ምንም አልጠቀመም። ፕሮሰስ ሞኒተር ላይ መጨረሻ ላይ የቀረችው መስመር እንዲህ ትላለች፦ ፕሮሰስ ኤምኤስአይኤግዜክ (የዊንዶውስ ኢንስቶለር)፣ ሥራው ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር ማከማቻ) መክፈት፣ ውጤቱ አክሰስ ዲናይድ። ጉዳዩ ፎልደር አልነበረም! የድሮው ቨርዥን ትቶት የሄደ አንድ የሬጂስትሪ ቁልፍ ነው፤ ፐርሚሽኑ ውስጥ ሲስተም የሚለው ስም የለም። የዊንዶውስ ኢንስቶለር ሰርቪስ ደግሞ የሚሠራው በሲስተም ስም ነው። አንተ አድሚን ብትሆን ሲስተም ካልተፈቀደለት እሱ አይገባም። ያችን ቁልፍ ኤክስፖርት አድርጌ አስቀመጥኩ፣ ሲስተምን ጨመርኩላት፣ ተጫነ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ያየሽው «ዲናይድ» ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ብዙ ፕሮግራም መጀመሪያ ሙሉ ሥልጣን ይጠይቃል፣ ሲከለከል ዝቅ አድርጎ ይጠይቅና ያልፋል። ከኤረሩ በፊት የመጨረሻዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ እዪ። ቁጥር ካለሽም ይረዳል። 1402 የሬጂስትሪ ቁልፍ መክፈት ሲያቅተው ነው፣ 1303 ፎልደር ሲከለከል። 1603 ግን ብቻውን ምንም አይነግርም።

አዲስ ገቢ፦ እኔ አድሚን ነኝ ግን ይከለክለኛል፣ ለምን?

መልስ፦ ተመልሷል። የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብብ።

ጨዋታ ወዳድ፦ ጌሙ ይጫናል፣ ግን ዶኩመንትስ ውስጥ ፎልደሩን መፍጠር ሲል ይከለከላል።

መልስ፦ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» በርቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጋር የመጣ፣ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ከሚጠይቁ ቫይረሶች መከላከያ ነው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» የሚለው ጋ ታገኘዋለህ። አታጥፋው፤ ለጌሙ ብቻ ፍቀድለት።

ሰነፉ ተማሪ፦ ከኮምፒውተሩ ያጠፋሁት ፕሮግራም ፎልደር አልሰረዝ አለ። አዲሱም እሱ ላይ አልጫን አለኝ።

መልስ፦ ሪስታርት አድርገሃል? የተሰረዘ ፋይል ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ይዞት ከሆነ እስኪለቀው ድረስ በስሙ ሊቆይ ይችላል። የነካው ሁሉ «አክሰስ ዲናይድ» ይባላል፣ ባለቤቱም አድሚኑም። መጀመሪያ ሪስታርት፣ ከዚያ ሌላው።

ኪቦርድ፦ ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ነው። አንቲቫይረስ አጥፋ ይላል መመሪያው።

መልስ፦ በዚህ አልረዳህም። አንቲቫይረስህን አጥፋ የሚልህን ሰው አትመን።

ዘግይቼ መጣሁ፦ ጋሼ፣ ጽሑፍህን ከማየቴ በፊት ሲ ድራይቭን በሙሉ ለኤቭሪዋን ፉል ኮንትሮል ሰጥቼዋለሁ። ከነውስጡ። እንዴት ልመልሰው?

መልስ፦ ይኼን ነበር የፈራሁት። በእጅ መመለስ አይቻልም ብለህ ቁጠረው። የሲስተም ፋይሎቹ ባለቤት «ትረስትድ ኢንስቶለር» የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ሰርቪስ ነው፤ ብዙዎቹም የየራሳቸው ፐርሚሽን ነበራቸው። ሪሴት የሚያደርጉ ትእዛዞች ከላይኛው ፎልደር የሚወረሰውን ነው የሚሰጧቸው፣ የነበራቸውን አይመልሱም። ዛሬውኑ ፎቶህንና ሰነዶችህን ውጫዊ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ከዚያ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫን። እስከዚያ የባንክ ነገር በዚህ ማሽን አትሥራ።

ሰማያዊ ስክሪን፦ ያልከውን አየሁ። አንቲቫይረሱ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ከቴምፕ ሲነሳ ነው ያገደው። ልፍቀድለት?

መልስ፦ ከየት ነው ያወረድከው? ከሠሪው ድረ ገጽ ካልሆነ ሰርዘውና ከዚያ አውርደው። ሴትአፑ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» ብለህ የሠሪውን ስም ፈልግ። ስሙ ኖሮ ፊርማው ትክክል ከሆነና አሁንም ካገደው፣ ለዚያ ፋይል ብቻ ፍቀድለት። ፊርማ ከሌለው አትጫነው፤ ለሠሪዎቹ ጽፈህ መልሳቸውን ጠብቅ።