የኮሎራዶ ኤልክ ታግ እጣ፦ ጠይቁኝ (ግን ፖይንታችሁንና ዩኒታችሁን ጽፋችሁ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ማመልከቻው ማርች ላይ ተከፍቶ ብዙ ጊዜ ኤፕሪል የመጀመሪያው ማክሰኞ ላይ ይዘጋል፣ እናንተ ደግሞ እንደ ልማዳችሁ ሰኞ ማታ ነው ስልኬን የምታቃጥሉት፣ ስለዚህ ዘንድሮ ሁሉንም እዚሁ እንጨርሰው። ለአዲሶቹ፦ ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዘመድ ነው፣ ታግ አንድ እንስሳ ለማደን የሚሰጥ ፈቃድ፣ ዩኒት የማደኛ ቀጠና፣ ኮድ የእያንዳንዱ ታግ ዓይነት መለያ፣ ፖይንት ደግሞ 1ኛ ምርጫው ያልደረሰው ሰው በየዓመቱ የሚያጠራቅመው የወረፋ ነጥብ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ኮሎራዶ ውስጥ ፖይንት የሚበላው 1ኛ ምርጫ ብቻ ነው። ደግሜ፣ 1ኛ ምርጫ ብቻ።

የአውሮራ ልጅ፦ ጋሼ ዘንድሮ የመውጣት ዕድሌ ምን ያህል ነው?

መልስ፦ የምኑ ዕድል? ኤልክ ነው አጋዘን? ወንድ ነው ሴት? በቀስት ነው በጠመንጃ? ስንት ፖይንት አለህ? ርዕሱን አንብበህ ተመለስ።

እናት ዓለም፦ ጋሼ እኔ 4 ፖይንት አለኝ። ቀንድ ግድግዳ ላይ አልሰቅልም፣ የምፈልገው ፍሪዘር የሚሞላ ስጋ ነው። 1ኛ ላይ ኮርማ፣ 2ኛ ላይ ሴቷን ብሞላና ሴቷ ብትደርሰኝ 4ቱ ፖይንቴ ይሄዳል?

መልስ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። አይሄድም። እንዲያውም 1ኛው ስላልደረሰሽ አንድ ተጨምሮልሽ 5 ይሆናል። አሰራሩን ልንገርሽ፣ ሌሎቻችሁም ስሙ። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚያየው የሁሉንም ሰው 1ኛ ምርጫ ነው፣ ብዙ ፖይንት ያለው ይቀድማል፣ እኩል ከሆኑ በእጣ ቁጥር ይለያሉ። የሁሉም 1ኛ ምርጫ ታይቶ ሳያልቅ የማንም 2ኛ ምርጫ አይነካም። ስለዚህ 2ኛ ላይ የምትጽፊው ታግ ከ1ኛው ዙር የተረፈ መሆን አለበት፣ ሰው የሚሻማበትን ዩኒት 2ኛ ላይ መጻፍ ቦታ ማባከን ነው። የተረፈውን እንዴት አውቃለሁ ካልሽ፣ የግዛቱ የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት በየዓመቱ የእጣውን ዝርዝር ውጤት ያወጣል፣ በየኮዱ ማን በስንት ፖይንት እንዳገኘና እስከ ስንተኛ ምርጫ እንደደረሰ ተጽፏል። ገጹ ብዙ ነው፣ ቡና አፍልተሽ ተቀመጪበት።

አሁን ዋናው ነገር። ኮርማውን ከልብሽ ካልፈለግሽው 1ኛ ላይ አትጻፊው! እዚያ የፖይንት ብቻ ኮድ የሚባለውን ሙይ፣ 2ኛ ላይ የሴቷን። ፖይንትሽ ይጨምራል፣ ስጋሽም ሊመጣ ይችላል። ለይስሙላ የጻፉት 1ኛ ምርጫ ደርሷቸው የዓመታት ፖይንት ዜሮ የገባባቸው አሉ፣ አንዱ እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ዳላስ፦ እኔ ቴክሳስ ነኝ፣ የወንድሜን የዴንቨር አድራሻ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ወንጀል ነው። ነዋሪ ለመባል 6 ወር በተከታታይ መኖር አለብህ። ቀጥሎ።

ባለ ቀስቱ፦ እኔ 6 ፖይንት አለኝ፣ ጓደኛዬ አዲስ ነው፣ ዜሮ። በግሩፕ ብንሞላ 3 ይሆንልናል አይደል?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ አማካይ አይደለም። ግሩፑ የሚታየው ዝቅተኛ ፖይንት ባለው ሰው ነው፣ ያንተ 6 ዜሮ ሆኖ ይቆጠራል። ተራችሁ ሲደርስ አንድ ታግ ብቻ ቀርቶ ከሆነም ለሁለት አይበቃም። ለብቻህ ሙላ፣ እሱ ድንኳን ተክሎ ሻይ ያፍላልህ፣ ታግ ከሌለው አይተኩስም እንጂ ስጋ መሸከም አልተከለከለም።

ሰላማዊት፦ ይቅርታ ከርዕስ ልወጣ ነው፣ ግን ኤልክ ለእኛ ይበላል እንዴ?

ባለ ቀስቱ፦ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ፣ ምን ችግር አለው? እኔ አምና ቁርጡን በሚጥሚጣ ነው የጨረስኩት።

እናት ዓለም፦ ተኩሶ መጣልና ባርኮ ማረድ አንድ ነው እንዴ? እኛ ቤት ያልተባረከ አይገባም።

ባለ ቀስቱ፦ ታዲያ ከሱቅ የምትገዢውን ማን ባረከልሽ?

መልስ፦ እሱን ለንስሐ አባቶቻችሁ ተዉት። ቁርጡን ግን ተው! ኮሎራዶ ውስጥ ሲደብሊውዲ የሚባል የአጋዘንና የኤልክ የአንጎል በሽታ አለ፣ ማብሰልም አያጠፋውም፣ ጭንቅላቱን አስመርምረህ ንጹህ ነው የሚል ውጤት ሳይመጣ አትብላ፣ ከመጣም በኋላ ለሌላው በሽታ ሲባል ጥብስ ይሻላል። ወደ እጣው እንመለስ።

ዘላን፦ ኒው ሜክሲኮ ያለው የአጎቴ ልጅ ግን 2ኛ ምርጫም እኩል ዋጋ አለው ይላል።

መልስ፦ እሱም ልክ ነው፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኒው ሜክሲኮ ፖይንት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ማመልከቻህ በእጣ ሲነሳ 1ኛህ ካለቀ 2ኛህን፣ ከዚያ 3ኛህን ያያል፣ ወደ ሌላ ሰው የሚያልፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚያ 1ኛ ላይ የህልምህን ዩኒት ብትጽፍ ምንም አትከስርም፣ ከስር ቀላሉን ታስከትላለህ። ኔቫዳም የአንዱን ሰው ምርጫዎች በሙሉ አይቶ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው፣ ግን ፖይንት አለው፣ እሱም በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው። የአንዱን ግዛት ብልሃት ወደ ሌላው ይዛችሁ አትሂዱ።

ታጋሹ፦ ዩኒት 201ን እየጠበቅኩ ነው፣ 8 ፖይንት አለኝ፣ በስንት ዓመት ይደርሰኛል?

መልስ፦ 201፣ 2 እና 10 ላይ ከ20 በላይ ፖይንት ይዘው የተሰለፉ አሉ። አንተ አንድ ስትጨምር እነሱም አንድ ይጨምራሉ፣ ታጉ ደግሞ ጥቂት ነው፣ ወረፋው እየሸሸህ ነው። ብዙ ፖይንት የሚጠይቁ ኮዶች ላይ እስከ 20 በመቶው ታግ 5 እና ከዚያ በላይ ፖይንት ላላቸው በእጣ ይወጣል፣ ያቺን ተስፋ ማድረግ ትችላለህ። እኔ ብሆን 8ቱን መካከለኛ ዩኒት ላይ አውጥቼ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ተራራውን እወጣለሁ።

ሚኪ፦ 2ኛ ምርጫ ቢደርሰኝ ፖይንቴን ይበላዋል?

መልስ፦ ሚኪ። ከላይ። ሁለት ጊዜ።

ስደተኛው፦ ኢትዮጵያ ውስጥስ የደጋ አጋዘን ለማደን እጣ አለ?

መልስ፦ የለም፣ እዚያ ኮታና ዶላር ነው። ሌላ ቀን።

የአውሮራ ልጅ፦ ጋሼ ተመለስኩ። ዜሮ ፖይንት፣ ሴት ኤልክ፣ ጠመንጃ፣ ነዋሪ። የትኛውም ዩኒት።

መልስ፦ አሁን ሰው ሆንክ። ዜሮ ላለው ሰው የሚቃጠል ነገር ስለሌለ ሴቷን 1ኛ ላይ ጻፍ፣ አምና በዜሮ የወጣ ኮድ ፈልገህ። ከዚያ በፊት የአዳኝነት ትምህርት ካርድ (በፈረንጆቹ ከ1949 ወዲህ ለተወለደ ሁሉ ግዴታ ነው) አውጣ፣ ለማመልከት የሚያበቃውን ዓመታዊ ፈቃድም ግዛ፣ ያለሱ ሲስተሙ አያስገባህም። ካልደረሰህ እስከ ጁን መጨረሻ ሁለተኛ እጣ አለ፣ እዚያ ፖይንት አይቆጠርም። እና የባንክ ካርድህ ጊዜው እንዳያልፍ፣ ታጉ ወጥቶ ክፍያው ካላለፈና በተሰጠህ ቀን ካልከፈልክ ይወስዱብሃል።

የአውሮራ ልጅ፦ እሺ ጋሼ። 2ኛ ላይስ ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ከላይ ለእናት ዓለም የነገርኳትን የእጣ ውጤት ዝርዝር አውርድ እንጂ።