የመሬት መንቀጥቀጥ ምህንድስና እንጀራ ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ የሲቪል ምህንድስና ትምህርትሽን ለመጨረስ አንድ ዓመት እንደቀረሽና ተጠጋግተው የሚሠሩ ሕንፃዎች በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚገጥማቸው አደጋ እንደሚስብሽ ጽፈሻል። ጓደኞችሽ ግን «ሥራ ያለው በግንባታ አስተዳደር ነው፤ መንቀጥቀጥ በየቀኑ አይመጣም» እያሉ ልብሽን ከፍለውታል። መንቀጥቀጡ በየቀኑ ባይመጣም ፈቃድ የሚጠየቅበት ዲዛይን በየቀኑ ይመጣል፤ ደመወዝ የሚከፈለውም እሱን ለሚመረምር ሰው ነው።

ሙያውን ያዢው። ነገር ግን አዲስ ሕንፃ መንደፍ ላይ ብቻ አትቁሚ፤ እሱን ሁሉም ይሻማበታል። እኔ ብሆን ነባር ሕንፃዎችን መመርመር እመርጣለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን ያናወጠው መንቀጥቀጥ መነሻው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነበር። የከተማዋ ብዙ ክፍል ያረፈው በጥንት ሐይቅ ለስላሳ ጭቃ ላይ በመሆኑ ግን ንዝረቱ ጎላ፤ ብዙ ፎቆችም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተላተሙ። ባለ አምስት ፎቁና ባለ አሥራ ሁለት ፎቁ በአንድ ምት አይወዛወዙም፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመለሳል። የከፋው የወለሎቻቸው ከፍታ የማይገጥም ሲሆን ነው፤ የአንዱ ስላብ (የኮንክሪት ወለል) የሌላውን ምሰሶ ወገቡ ላይ ይመታዋል።

በሚነካኩበት ከፍታ አንዱ ወደ ጎን 12፣ ሌላው 9 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል እንበል። ሁለቱም በአንድ ይዞታ ውስጥ ከሆኑ ዩሮኮድ 8 የተባለው የአውሮፓ የመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ ደንብ የሁለቱን ካሬ ደምረሽ ስኩዌር ሩቱን እንድትወስጂ ያዛል፤ ሁለቱም ከፍተኛ እንቅስቃሴያቸው ላይ በአንድ ቅጽበት ይደርሳሉ ተብሎ ስለማይጠበቅ ክፍተቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ወለሎቹ እኩል ከሆኑ ደግሞ በ0.7 ተባዝቶ ወደ 10.5 ይወርዳል። ባለቤታቸው ሲለያይ ግን እያንዳንዱ ከወሰኑ በራሱ እንቅስቃሴ ልክ መራቅ አለበት፤ በድምሩ 21 ይሆናል። ይህን ኮምፒውተርም ያሰላዋል። እስከ ወሰኑ መገንባት የሚፈልገውን ባለቤት ማሳመን፣ ወይም ጎረቤቱ አስቀድሞ ወሰኑ ላይ ተገትሮ ሲገኝ መላ መፈለግ ግን የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።

ስለዚህ የስትራክቸር ዳይናሚክስ (ሕንፃ እንዴት እንደሚወዛወዝ የሚያጠና) እና የአፈር ምህንድስና ኮርሶችን አጥብቀሽ ተማሪ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በአንድ ረድፍ ሕንፃዎች ላይ አድርጊው። ክፍተቱን ለኪ፣ የወለሎቹን ከፍታ አነጻጽሪ፣ ክፍተቱ በሲሚንቶና በፍርስራሽ ተደፍኖ እንደሆነ በባትሪ ተመልከቺ። ረድፉ መጨረሻ ላይ ያለውን ሕንፃ አትዝለዪ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚገፋ ብዙ ጊዜ የሚብሰው እሱ ነው። የግንባታ አስተዳደሩን እንደ ተጨማሪ ኮርስ ውሰጂው፤ አይጎዳሽም። ማመልከቻሽን ለአማካሪ ድርጅቶች፣ ለከተማ የግንባታ ፈቃድ ቢሮዎችና ለመድን ኩባንያዎች ስታስገቢ ከትምህርት ማስረጃሽ ጋር ያንን ጥናት በሁለት ገጽ አሳጥረሽ፣ ከነፎቶግራፉና ከነልኬቱ አያይዢው።