«8ኛ ክፍል አንደኛ ነበርኩ» ላለን ተማሪ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ከኩታበር ገጠር መጥቼ ደሴ 9ኛ ክፍል እማራለሁ። ዕድሜዬ 16 ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይቻለሁ። 8ኛ ክፍል አንደኛ ነበርኩ፤ በዚህ መንፈቅ ዓመት ግን ከ61 ተማሪ 44ኛ ወጣሁ። ለሁለት ወር ያህል እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ክፍል ስገባ ራሴን ያመኛል፤ ምግብም አያሰኘኝም። አባቴ ዶክተር ትሆናለህ ይለኛል። ትምህርቱን ትቼ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአክስቴ ልጅ ዘንድ ልቀጠር? ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ ብመርጥ ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ የጠየቅከኝ ስለ ሥራና ስለ ትምህርት ዘርፍ ነው። እኔን የያዘኝ ግን እንቅልፍህ ነው። ሁለት ወር በቅጡ ያልተኛ ሰው ትምህርት ልተው ሲል የሚናገረው ድካሙ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ይቆይ።

ባለፈው መስከረም ምን ያህል ነገር ባንድ ጊዜ እንደተለወጠብህ አስበህ ታውቃለህ? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ስለ ሕዋስ ሲያስረዳ አንተ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እየተረጎምክ ሦስተኛው ያመልጥሃል፤ አጠገብህ ያለው የከተማ ልጅ ምናልባት ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የሰማው ቋንቋ ነው። ከየቀበሌው አንደኛ የወጡ ልጆችም እዚያው ክፍል ተሰብስበዋል። በዚህ ላይ ምግብ አብሳዩ አንተ፣ ልብስ አጣቢው አንተ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሌሊቱን ሙሉ፣ «ለምን አልበላህም?» የሚል ሰው ደግሞ የለም። ይህን ሁሉ ተሸክሞ 44ኛ የወጣ ልጅ ሰነፍ አይባልም።

የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ከገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት የሚላክ ልጅ ስንቅ ይቋጠርለታል፣ ብርድ ልብስ ይገዛለታል፤ ሲጨንቀው ማን ዘንድ እንደሚሄድ ግን የሚነግረው የለም። ትምህርት ቤቱም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ፀጉርና ስለ ማርፈድ ደንብ አንብቦ ይበትናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በዚያ ሒሳብ እንዳንተ ባለ ክፍል ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ልጅ ይገኛል ማለት ነው፤ ሁሉም ዝም ብሎ ተቀምጧል።

አንተ ዝም አትበል። በዚህ ሳምንት ለክፍል ኃላፊ መምህርህ ንገር፤ ትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት መምህር ካለው እሱም ዘንድ ግባ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂድ፤ ካስፈለገ ወደ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይልኩሃል። እዚያ የሚሄደው ያበደ ሰው ብቻ ነው የሚልህን አትስማ። ቤተሰብህ ዱዓ እናስደርግለት ካሉ ይሁን፣ ሐኪሙ ግን አይቅር። ባልኖር ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ሳታድር፣ በዚያው ሰዓት አጠገብህ ላለ አዋቂ ተናገር፤ ብቻህንም አትሁን። ጓደኞችህ ለጥናት ብለው ጫት ከያዙ አንተ አትቀመጥ፤ የቀረችህን እንቅልፍ ይወስድብሃል። ሲመችህ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት ሂድና የእናትህን ወጥ ብላ፤ ኩታበር ሩቅ አገር አይደለም።

አሁን ወደ አባትህ። ቤት ኪራይ ስለከፈለ ሙያህን አልገዛም። ይከፋው ይሆናል፤ ይክፋው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር የጻፍኩት ለእሱ ነው፤ የልጁን ጤና በዚህች ጠባብ በር ላይ አስይዞ «ዶክተር» እያለ የሚጠራ አባት ምን እያደረገ እንደሆነ ይወቅ። እኔ ራሴ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እየጠገንኩ ነው በማታ ትምህርት ዲግሪዬን የያዝኩት፤ እጅ ላይ ያለ ሙያ እንዴት ልብን እንደሚያሳርፍ አውቃለሁ። ጊዜው ሲደርስ ወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብተህ ኤሌክትሪክ ወይም መካኒክነት ብትማር ማንም እንደ ወደቀ አይቁጠርህ።

ፓርኩን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ16 ዓመትህ መቀጠርን አይከለክልም፤ ነገር ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊያሠሩህ አይችሉም። ከ9ኛ ክፍል አቋርጦ፣ ያለ ሙያ የሚገባ ልጅ ደግሞ ደመወዙ ከታችኛው እርከን ነው የሚጀምረው። አትሂድ። ማኅበራዊ ወይስ ተፈጥሮ ሳይንስ የሚለው 11ኛ ክፍል ስትደርስ የሚመረጥ ስለሆነ ዘንድሮ አያስጨንቅህ።

ለአባትህ መናገር ከከበደህ ከእናትህ ጀምር። ደረጃህን ተወውና መጀመሪያ እንደማትተኛ ንገራት።