«የቱ ቃል ነው ይህን ያስባለህ?»

ለጀማሪ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ መምህራን፣

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስለ አንድ ምንባብ የሚለው አያጣም። «ሰውዬው ክፉ ነው»፣ «ታሪኩ ስለ ፍቅር ነው»፣ «መጨረሻው አይጥምም» ለማለት የሚቸገር ልጅ የለም። ነገሩ የሚከብደው «የቱ ቃል ነው ይህን ያስባለህ?» ሲባል ነው። ያኔ ግማሹ ዝም ይላል፤ ግማሹ ታሪኩን ከመጀመሪያው መተረክ ይጀምራል። የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ጥቅስ ማግኘት ቀላሉ ክፍል ነው። ተማሪ የሚወድቀው ከጥቅሱ ቀጥለው በሚመጡት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። የእናንተም ጊዜ መዋል ያለበት እዚያ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 አንድን ክርክር በስድስት ክፍል ከፍሎ አሳይቷል፦ አቋሙ፣ አቋሙ የቆመበት መረጃ፣ መረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያያይዘው ምክንያት፣ የምክንያቱ ድጋፍ፣ የአቋሙ እርግጠኝነት ልክ፣ አቋሙ የማይሠራበት ሁኔታ። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስድስቱንም በአንድ ጊዜ ማሸከም አያስፈልግም፤ አቋም፣ ማስረጃ፣ ማብራሪያ ብላችሁ ጀምሩ። የእርግጠኝነት ልክ የተባለውን ግን እመለስበታለሁ፤ ብዙ መምህር የሚዘለው እሱን ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ረጅም ልብ ወለድ አትምረጡ። ከመቶ ቃል የማይበልጥ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊነበብ የሚችል ምንባብ ይሻላል። ምንባቡ ሁሉንም ነገር የማይናገር መሆን አለበት። ሁሉን የሚናገር ጽሑፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ተማሪው ከመገልበጥ በቀር የሚሠራው አያገኝም። ለምሳሌ ይህን የመሰለ፦

«አባትየው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። አጣጥፎ ኪሱ ከተተውና መስኮቱን ከፈተ። ‹ምን ይላል?› አለችው ልጁ። ‹ሁሉም ደህና ናቸው› አላት ፊቱን ሳያዞር። ወጣ ብሎ ወዲያው ተመለሰና መነጽሩን መፈለግ ጀመረ። መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነበር።»

«አባትየው ምን ሆኗል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሶቹን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣላችኋል። አንዱ «አባትየው ደብዳቤ ደርሶታል» ይላል። ይህ ማንም የማይከራከርበት ነገር ስለሆነ አቋም አይባልም። ሌላው «አባቶች ስሜታቸውን ለልጆቻቸው አይገልጹም» ይላል። ይህ ስለ ዓለም የተነገረ ነው፤ ምንባቡ ውስጥ ያለው አባት አንድ ነው፣ ስለ ሌሎቹ ያለው ነገር የለም። ሦስተኛው «አባትየው መጥፎ ወሬ ሰምቶ ከልጁ ደበቀ» ይላል። ይህኛው አቋም ነው። አስተዋይ ሰው «አይደለም» ሊለው ይችላል፣ ምንባቡን ገልጦ መመርመርም ይቻላል። መስፈሪያዎቹ እንግዲህ ሁለት ናቸው፦ ሊካድ ይችላል ወይ? በዚህ ጽሑፍ ሊመረመር ይችላል ወይ? አንዱን ያላሟላ ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ፍለጋ አይላክ፤ ይታረም።

አሁን ማስረጃ አምጡ በሏቸው። አብዛኞቹ «ሁሉም ደህና ናቸው» የሚለውን ይዘው ይመጣሉ፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ንግግር ዓይን ስለሚስብ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ጥቅስ ብቻውን የሚናገረው የአቋማቸውን ተቃራኒ ነው። ማስረጃ የሚሆነው ቀጥሎ ካሉት ሁለት ቃላት፣ «ፊቱን ሳያዞር» ከሚሉት ጋር ሲቆም ነው። ይህን ራሳቸው እንዲያገኙት ጠብቁ። ማስረጃ ሰዎች በተናገሩት ብቻ ሳይሆን ባደረጉት፣ ባላደረጉት፣ ነገሮች በተነገሩበት ቅደም ተከተልም ውስጥ እንዳለ የሚያዩት እዚህ ላይ ነው።

ወደ ማብራሪያው እንምጣ። ተማሪዎች እዚህ ላይ ሁለት መሸሻ አላቸው። አንዱ ጥቅሱን መልሶ መናገር ነው፦ «ይህ የሚያሳየው አባትየው ፊቱን እንዳላዞረ ነው።» ሁለተኛው ባዶ ማኅተም ነው፦ «ይህም አቋሜን በግልጽ ይደግፋል።» ሁለቱም ማብራሪያ ይመስላሉ፣ ቦታም ይሞላሉ፣ ግን ምንም አልሠሩም። የሚሠራው ይህን ይመስላል፦ «ሰው መልካም ወሬ ሲያበስር የሚሰማውን ሰው ፊት ማየት ይፈልጋል። አባትየው ግን ልጁ ፊቱን እንዳታየው አድርጎ ነው የመለሰላት፤ ስለዚህ የተናገረው ቃልና ሁኔታው አይገጥሙም።» የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳይጻፍ የሚቀረውን የጋራ ግንዛቤ አውጥቶ ተናገረ። ሁለተኛው ወደ ምንባቡ ቃል ተመልሶ ያንን ግንዛቤ ሥራ ላይ አዋለው። ቱልሚን መረጃውን ከአቋሙ ጋር የሚያያይዝ ምክንያት ያለው ይህንኑ ነው። ተማሪ የሚዘለው «ይህማ ይታወቃል» ብሎ ነው፤ ለእሱ የታወቀው ለአንባቢው ላይታወቅ እንደሚችል ገና አልገባውም።

ይህን ለማውጣት ከማውቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው የመተካት ጥያቄ ነው። «ደራሲው ‹ፊቱን ሳያዞር› በሚለው ፈንታ ‹ፈገግ ብሎ› ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?» ዝም ያለው ክፍል ይነቃል። ልጆቹ የሚለወጠውን ሲናገሩ ማብራሪያውን እየተናገሩት ነው፤ የቀረው መጻፍ ብቻ ነው። «ይህ ቃል ምን ያሳያል?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ግን ተማሪውን ወደ ተሸመደደ መልስ ይገፋዋል።

ቃል የገባሁት የእርግጠኝነት ልክ እዚህ ይገባል። «መጥፎ ወሬ» የሚል ነገር በምንባቡ ውስጥ አለ? የለም። ሰው በደስታም ይደነግጣል፤ ዓይኑ ላይ ያለ መነጽር መፈለግ የተናወጠ አእምሮን እንጂ ያናወጠውን ነገር አይናገርም። እንግዲህ አቋሙ ይታረማል፦ «ደብዳቤው አባትየውን አናውጦታል፤ ያናወጠውንም ለልጁ አልነገራትም። ወሬው መጥፎ ሳይሆን አይቀርም።» ተማሪዎች ለሁሉም ነገር «ያረጋግጣል» ይላሉ። «ያረጋግጣል»፣ «ያሳያል»፣ «ይጠቁማል»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉት አንድ እንዳልሆኑ በግልጽ አስተምሩ፤ ለአንድ ጥቅስ ከአራቱ የሚገባውን ግሥ ማስመረጥ የአሥር ደቂቃ መልመጃ ነው፣ የሚያስነሣው ክርክር ግን ይቆያል። «ምንባቡ ይህን አይነግረንም» የሚለውንም እንደ ሙሉ መልስ ተቀበሉ። ይህን መልስ የሚያስቀጣ ክፍል ተማሪን መፈልሰፍ ያስተምራል።

አቋም ከወጣ በኋላ ጥቅስ ማደን ሌላው በሽታ ነው። ተማሪው ያሰበውን የሚደግፍ አንድ መስመር ሲያገኝ መጽሐፉን ይዘጋል። መድኃኒቱ ምክር ሳይሆን የሥራ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ያለ አንዳች አቋም አንብበው እንግዳ የሆኑባቸውን ቃላት ያስምሩ፤ የሚደጋገም፣ የማይጠበቅ፣ ቦታው ያልሆነ የሚመስል ነገር። ካሰመሩት ውስጥ ተዛማጆቹን ያያይዙ። አቋሙ ከዚያ ይውጣ። ከወጣም በኋላ «አቋምህን የሚያስቸግረው መስመር የቱ ነው?» ይባሉ፤ እሱንም በድርሰቱ ውስጥ እንዲያነሡት አስገድዱ።

ለማስረጃ ምርጫ ሁለት መልመጃዎች አሉ። አንደኛው ማበላለጥ ነው፦ አንድ አቋምና ሦስት ጥቅስ ትሰጣላችሁ፣ ሦስቱም የሚደግፉ፤ በጥንካሬ ቅደም ተከተል አስቀምጠው የመጀመሪያው ለምን እንደበለጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ሁለተኛው መሰረዝ ነው፦ «ይህ ዓረፍተ ነገር ከምንባቡ ቢወጣ አቋምህ ይቆማል ወይ?» ከቆመ ጥቅሱ ጌጥ ነበር ማለት ነው።

አጠቃቀሱን በተመለከተ አጭር ልሁን። ከሦስት እስከ ስምንት ቃል ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ሁለት መስመር የሚጠቅስ ተማሪ የትኛው ቃል እንደሚጠቅመው አልለየም። አንቀጽ በጥቅስ አይጀመር፣ በጥቅስም አይዘጋ። ከጥቅሱ በፊት ማን፣ ለማን፣ መቼ እንደተናገረ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይገለጽ። ገጸ ባሕርይ የተናገረውን «ደራሲው እንዳለው» ብሎ ማቅረብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ተራኪው፣ ገጸ ባሕርይውና ደራሲው ሦስት መሆናቸውን ቶሎ ካላስተማራችሁ ዓመቱን ሙሉ ይከተላችኋል። በአማርኛ ደግሞ አንድ የተለየ አደጋ አለ። ማሰሪያ አንቀጹና አሉታው መጨረሻ ላይ ስለሚመጡ ጥቅስን ከኋላ መቁረጥ ትርጉሙን ሊገለብጠው ይችላል። «ወንድሜን አምነዋለሁ ብዬ አላውቅም» የሚለው «ወንድሜን አምነዋለሁ» ተብሎ ሲጠቀስ ቃላቱ አልተለወጡም፣ ነገሩ ግን ውሸት ሆኗል። ስለዚህ የተቆረጠ ጥቅስ ሁሉ እስከ አራት ነጥቡ ተነብቦ ይመሳከር። ገጽና መስመርም ይጻፍ። ዛሬ ተማሪ ከኢንተርኔት ወይም ከማሽን ያገኘውን፣ በመጽሐፉ ውስጥ ጨርሶ የሌለ «ጥቅስ» ሊያመጣላችሁ ይችላል፤ የመስመር ቁጥር መጠየቅ ከስብከት ይልቅ ይከላከለዋል።

ከምንባቡ ውጭ ያለ ዕውቀት የሚያሳስተው ደካማውን ተማሪ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የገጣሚው ስም ያልተጻፈባቸውን ግጥሞች እያደለ የተማሪዎቹን አስተያየት በጽሑፍ ይሰበስብ ነበር። በ1929 ባወጣው ትንታኔ እንዳሳየው፣ በደንብ የተማሩት እነዚህ አንባቢዎች የግጥሙን ግልጽ ትርጉም እንኳ ይስቱ ነበር፤ ግጥሙ ያለውን ሳይሆን አስቀድሞ በውስጣቸው ተዘጋጅቶ የቆየውን ስሜት ይጽፉ ነበር። እናንተም አንዳንዴ ስሙን ሸፍናችሁ ስጡ። የደራሲው ሕይወት ከጥቅሱ በኋላ ተጨማሪ ብርሃን ሊሆን ይችላል፤ በጥቅሱ ፈንታ ሲቀርብ ግን አትቀበሉት።

ልብ ወለድ ላልሆነ ጽሑፍ ጥያቄው ይከፈላል። ጋዜጣ ላይ የወጣ አስተያየት ስታስነብቡ «ጸሐፊው ይህን ብሏል» እና «ጸሐፊው ያለው እውነት ነው» የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው በጥቅስ ይመለሳል። ሁለተኛው ጸሐፊው ራሱ ያቀረበውን ማስረጃ ይመረምራል፦ ቁጥር ነው? ምስክር ነው? የባለሙያ ቃል ነው? ወይስ «ሁሉም እንደሚያውቀው» ብሎ አልፏል? ይህን ሳትለዩ ከገባችሁ ተማሪው ጽሑፍ ላይ የሰፈረ ሁሉ ማስረጃ ይመስለዋል።

ስለ እርማት። በኅዳግ ላይ «ማስረጃ የለም» ብሎ መጻፍ ተማሪውን አንድ ተጨማሪ ጥቅስ እንዲለጥፍ ከማድረግ አያልፍም። «የቱ ቃል?» ወይም «ከዚህ ወደዚያ እንዴት ደረስህ?» ብላችሁ በቀስት አያይዙለት። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ካለው ድርሰቱን ሁሉ አትረሙ፤ አንድ አንቀጽ ምረጡና ማብራሪያውን ብቻ እዩ። ከዚያ በፊት ተማሪዎቹ ራሳቸው አቋሙን በአንድ ቀለም፣ ጥቅሱን በሌላ፣ ማብራሪያውን በሦስተኛ ያስምሩ። ገጹ በጥቅስ ቀለም ከተሞላ ወይም ሦስተኛው ቀለም ጠብታ ብቻ ከሆነ ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል። ለአንድ መስመር ጥቅስ ሁለት መስመር ማብራሪያ እንደ መነሻ ጥሩ ልክ ነው።

መመዘኛችሁ «ሦስት ጥቅስ» የሚል ከሆነ ሦስት ጥቅስ ታገኛላችሁ፣ ሌላ ምንም አታገኙም። ነጥቡን ለቁጥሩ ሳይሆን ለማያያዣው ስጡ፤ ከአሥር ቢታረም ለአቋሙ ሁለት፣ ለማስረጃ ምርጫው ሦስት፣ ለማብራሪያው አምስት። «ይህ የሚያሳየው...» የሚሉ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያዎችንም ለጥቂት ሳምንታት ስጧቸው፣ ከዚያ ንሷቸው። የመጀመሪያው ወር ሥራ አንድ አቋም፣ አንድ ጥቅስ፣ ሁለት የማብራሪያ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይበቃል፤ ሙሉ ድርሰት ከዚያ ይደርሳል። የተቀበሉትን ቅርጽ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይዘው የሚሄዱ ተማሪዎች አንቀጻቸው ንጹሕ ነው፣ ሐሳቡ ግን በድን ነው።

አንድ ቀን ተማሪያችሁ እናንተ ካነበባችሁት የተለየ ንባብ በማስረጃ አስደግፎ ያመጣል። በእኛው ምንባብ «አባትየው አልዋሸም፤ ደብዳቤው ስለራሱ ነበር እንጂ ስለ ዘመዶቹ አልነበረም» ሊላችሁ ይችላል። ወዲያው ወደ ምንባቡ ሂዱ፦ ልጅቷ የጠየቀችው «ምን ይላል?» ነው፣ የተመለሰላት «ሁሉም» ተብሎ ነው። እዚያ ውስጥ የሚከለክለው ቃል ካገኛችሁ መስመሩን ጠቁማችሁ መልሱለት። ካላገኛችሁ ሙሉ ነጥቡን ስጡት፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜም ንባቡን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ለሌሎቹ የሚቃወመውን መስመር የመፈለግ ሥራ አድርጉት።